ዱቄቱን ማን ይበጥብጠው?

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሸቤን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በቡናዋ ነው፤ እኔ ግን በቡና ለቀማ ወራት አክስቴን ላስታምም ወርጄ ሳለሁ፥ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፥ ማለዳ ተበጥብጦ ግማሹ የቀረ የአምፒሲሊን ብልቃጥ በመስኮት ደፍ ላይ ውሎ፥ ከቀትር በኋላ ከዚያው ተቀድቶ በደም ሥሯ ሲሰጣት ስላየሁ፥ ነገሩ ከኅሊናዬ አልወጣ አለኝ።

አምፒሲሊን ከተበጠበጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሰጥ የሚገባው መድኃኒት ነው፤ በግሉኮስ ውስጥ ሲሆን ኃይሉ ይልቁን ፈጥኖ ይደክማል። ሴፍትሪያክሶን በዚህ ረገድ ታጋሽ ቢሆንም፥ ካልሲየም ካለበት ከሪንገር ላክቴት ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ ይህም ዝቃጭ ጨቅላ ሕፃናትን ለሞት እንዳበቃ ተመስክሯል። ጄንታማይሲን ከፔኒሲሊን ወገኖች ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም፤ ቫንኮማይሲንም ቢያንስ በ60 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ካልተንጠባጠበ ሕመምተኛውን ያቀላዋል፥ ግፊቱንም ይጥላል።

በጅማና በአካባቢዋ በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አንዲት ሲስተር ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። «ልጄ፥ አምፒሲሊን አቦሉን ነው፤ በረካ የለውም» አሉ። «ሌሊት ብቻዬን ለሠላሳ አልጋ ቆሜ፥ አንዱ ሲያቃስት፥ አንዷ ስትጠራኝ፥ በአንድ ትሪ ላይ የስንቱን እበጠብጣለሁ? እጄን ታጠብሁ እላለሁ፤ ቧንቧው ግን ደርቋል።» ስለ ተረፈውም ስጠይቃቸው፥ «ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ የገዛውን እንዴት ልድፋው?» ብለው ዝም አሉ።

መድኃኒቱን ለሕመምተኛው የማዘጋጃው መንገድ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ይኸው የሲስተሯ ነው፤ መድኃኒቱ በአልጋው አጠገብ፥ በሚሰጥበት ሰዓት ይበጠበጣል፤ ትኩስነቱ ምስጋና የሚገባው ሲሆን፥ ንጽሕናው ግን በአንዲት ነርስ እጅና ጊዜ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁለተኛው፥ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት፥ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ ከመቶ 99.97 እጅ በሚያስቀር ማጣሪያ ነፋስ ሥር፥ መድኃኒት ቀማሚው አዘጋጅቶ፥ ስምና ሰዓት ጽፎ ወደ ክፍሉ የሚልክበት ነው፤ የእንግሊዝ የብሬከንሪጅ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ቅመማ ለመድኃኒት ቤት እንዲሰጥ መክሯል። ሦስተኛው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ከረጢት ሲሆን፥ ዋጋውና ማቀዝቀዣው ለእኛ ገና ሩቅ ነው።

ስለ ሴፍትሪያክሶን ሳነብ ከጉዳዬ ወጥቼ ብዙ ቆየሁ፤ አንባቢም ይታገሠኝ። የሰርዲንያው ሊቅ ጁሴፔ ብሮትሱ እ.ኤ.አ. በ1945፥ በካልያሪ ከተማ የቆሻሻ ውሃ ወደ ባሕር ከሚፈስበት ስፍራ፥ ተሕዋስያንን የሚገድል ሻጋታ አገኘ፤ በ1948 የግኝቱን ጽሑፍ አሳተመ፥ ሻጋታውም ወደ ኦክስፎርድ ተላከ፤ በዚያም አብርሃምና ኒውተን የተባሉ ሊቃውንት ሴፋሎስፖሪን ሲ የተባለውን ለይተው አወጡ። ከዚያ ዘር የተወለደው ሴፍትሪያክሶን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ቀረበ። ከፍሳሽ አፍ የተገኘው መድኃኒት ዛሬ ንጽሕናን አጥብቆ መጠየቁ ያስገርማል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የአገራችን መድኃኒት አቅርቦት በአዋጅ ቁጥር 553/1999 በአንድ ተቋም ሥር ተደራጅቷል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም የክሊኒካል ፋርማሲ ሊቃውንትን በማስትሬት ያሠለጥናል፤ ዳሩ ግን በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን ብልቃጡን የምትከፍተው ዛሬም ነርሷ ናት። ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ሹም ስለዚህ ብጠይቃቸው፥ «በጽሑፍ ያመልክቱ» አሉኝ፤ በጽሑፍም አመለከትሁ፤ እስካሁን መልስ አልደረሰኝም።

መድኃኒት ቤቱ ቢያዘጋጀው ጥቅሙ በኪስም ይታያል፤ 200 ሚሊግራም ብቻ የሚታዘዝላቸው አምስት ሕፃናት አንዱን የ1 ግራም ብልቃጥ በንጽሕና ሊካፈሉት ይችላሉ፤ በየአልጋው ሲከፈት ግን አራት እጁ ወይ ይደፋል፥ ወይም ያድራል። የማጣሪያው መሣሪያ መብራት ሲጠፋ ከንቱ መሆኑን አልክድም፤ ለሸቤ ዓይነት ከተሞችም ቶሎ ይደርሳል አልልም። ስለዚህ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይጀምሩ፤ ትንንሾቹ ደግሞ ለዚህ ብቻ የተለየ አንድ ገበታ፥ የእጅ መታጠቢያ ውሃና በብልቃጡ ላይ ሰዓት የሚጻፍበት ወረቀት ይኑራቸው። አንተም አስታማሚ ሆነህ ከአልጋው አጠገብ ስትቀመጥ፥ «ሲስተር፥ ይህ በስንት ሰዓት ተበጠበጠ?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ።