የእማዬ በረንዳ

ምዕራብ ሸዋ፣ ባኮ ያለው የእናቴ በረንዳ ሊሾ ከተሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። እማዬ ቡና የምታፈላውም፣ በቆሎ የምትፈለፍለውም፣ እንግዳ የምትቀበለውም እዚያው ነው። ክረምት ሲገባ ግን በዝናቡ ብዛት አረንጓዴ ሽበት ያወጣና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አምና ሐምሌ ላይ እማዬ ከማድቤት ስትወጣ አዳለጣት። አጥንቷ ባይሰበርም ሁለት ሳምንት ተኛች።

ከዚያ በፊት በዘይት ቀለም ቀብተነው ነበር። ለፋሲካ አምሮ ነበር፤ መስከረም ላይ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይነሳ ጀመር። ከመሬት የሚመጣው እርጥበት በሲሚንቶው ውስጥ አልፎ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል። ዘመድ ሁሉ «አስፈልጣችሁ ታይል አስነጥፉ» ይለን ነበር።

ጥቅምት ላይ የመጣው ግንበኛ ምንም ሳይናገር ወለሉን በመዶሻ እየመታ ዞረው። ደህና የሆነው ጠንካራ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከሥሩ የለቀቀው ግን እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ቀጥሎ እዚህም እዚያም ውሃ ጠብ አደረገ። ቶሎ የጠጣው ቦታ አዲሱን ማላታ ይይዛል፤ ውሃው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ የቀረበት ቦታ ደግሞ ዘይት ጠጥቷል። እሱም ሳሎኑ በር አጠገብ፣ ወጥ የተደፋበት ቦታ ነበር። «እማማ፣ ይሄ ወለል እኮ ደህና ነው። ላዩን ብቻ ነው የምናድስልዎት» አላት።

ሥራው የሚያለፋው ከማስዋቡ በፊት ነው። ሊሾ ስሙ ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ልስልስ ማለት ነው። በልስልስ ላይ ልስልስ አይጣበቅም። ስለዚህ ግንበኛውና ረዳቱ ሁለት ቀን ሙሉ የቀረውን ቀለም በብረት ብሩሽ ፋቁ፣ ፊቱን በመሮ ነቀሱ፣ የለቀቀውን አነሱ፣ ዘይቱን በሳሙና አጠቡ። ሌሊቱን ወለሉን አርሰውት አደሩ፤ ደረቅ ከሆነ የአዲሱን ማላታ ውሃ ይመጠዋል። ጠዋት የተበጠበጠ ሲሚንቶ ቀቡና ሳይደርቅ ሁለት ሳንቲም ማላታ አለበሱት፤ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት የታጠበ አሸዋ። ዝናቡ እንዳይተኛበት በየሜትሩ አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ወደ ግቢው አዘነበሉት።

ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የባኮ አፈር ቀይ ነው፤ በጫማ እየገባ ግራጫውን ወለል ሁልጊዜ ያቆሽሸዋል። ወለሉ ራሱ አፈሩን ቢመስልስ? ከማላታው ጋር የሚደባለቀው ቀይ ዱቄት የብረት ዝገት ዘር ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ቅብ ስላልሆነም አይላጥም። መጠኑ ከሲሚንቶው ክብደት ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ማላታው ይደክማል። እኛ ለ50 ኪሎ ከረጢት ሁለት ኪሎ ተኩል አደረግን። ሲሚንቶው ከሩቅ አልመጣም፤ ሙገር እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ነው፣ ፋብሪካውም ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ያመርታል።

ፊቱ መጠንከር ሲጀምር ረዳቱና ግንበኛው ሲባጎ ግራና ቀኝ ወጥረው ይዘው ገና ለስላሳ በሆነው ላይ ተጭነው ያነሱት ነበር፤ ስድሳ በስድሳ ሳንቲም የሆነ ካሬ ወጣ። አንዱን መስመር በአሮጌው ወለል ላይ በነበረው ስንጥቅ ልክ አሳለፉት፤ ስንጥቁ ነገ ቢመለስ እንኳ በመስመሩ ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ ሻካራ መጥረጊያ ወደ ውሃው መውረጃ ቀስ ብለው ጎተቱበት። ያ ስስ ጭረት ነው አሁን እማዬን የሚይዛት። በረንዳውን ሰም እንዳታስቀባ አደራ ብያታለሁ፤ ሰም ለሳሎን ነው።

ሰባት ቀን ሙሉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቆየ። እማዬ ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጣዋለች፣ ማንም እንዲረግጠው አትፈቅድም። በስምንተኛው ቀን ጆንያውን ራሷ አነሳችና በባዶ እግሯ ከዳር እዳር ሄደችበት። ከዚያ ረከቦቱን አመጣች።