የክረምት አንድ ሰዓት በቤት ውስጥ ብስክሌት

ክረምት ሲገባ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ጉምና ዝናብ ይበዛበታል። ያኔ ፍጥነትን፣ የዳገት አቅምንና ትንፋሽን በአንድ ሰዓት ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው።

15 ደቂቃ ሰውነት አሟሙቁ። ቀጥሎ ፍጥነት፦ 10 ሰከንድ በሙሉ ኃይል፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ 6 ጊዜ። ፍጥነት ያልደከመ እግር ይፈልጋል፤ ከዳገቱ በኋላ ከሠራችሁት የምትለማመዱት ድካምን ነው። ከዚያ ለዳገት አቅም ማርሹን አክብዳችሁ፣ በደቂቃ 60 ዙር ገደማ፣ 6 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፤ በመካከሉ 3 ደቂቃ ዕረፉ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ እባካችሁ ይህን አቅልሉት። የቀረውን እያወራችሁ መንዳት በምትችሉበት ፍጥነት ጨርሱ።

ከተማችን ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ ላይ የተለካ የዋት ቁጥር አታሳድዱ፣ ትንፋሻችሁን አዳምጡ። መስኮትም ክፈቱ፤ ነፋስ በሌለበት ሰውነት ቶሎ ይግላል።