እጅን ማን ይሰር?

ድሬዳዋ እጅ የሚጎዳ ሥራ ጠፍቶባት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ደርሶ ከተማዋን ከቆረቆረ ጀምሮ የባቡሩ ጥገና ቤት፣ ቀጥሎ ጥጥ ፋብሪካውና ሲሚንቶው፣ ዛሬ ደግሞ በየሠፈሩ ግራይንደር የሚያስጮኹ የብረታ ብረት ቤቶች ጣት ሲቆነጥሩ ኖረዋል። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በዚያው አሮጌ ሐዲድ ላይ ያለችው ሁርሶ ደግሞ ስሟ የሚነሣው በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። ምልምል ሮጦ ሲሰናከል መዳፉን ዘርግቶ ይወድቃል፤ ጓደኛውን በቡጢ ሲመታም የሚሰበረው ብዙ ጊዜ የራሱ የትንሿ ጣት አጥንት ነው።

እጁ የተጎዳው ሰው ወዴት ይሂድ? ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ራጅ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ወረፋም አለ። ወጌሻው ግን ጎረቤት ነው፤ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ዋጋውም ይታወቃል፣ አባትንም አያትንም ያሸ ሰው ነው። ስለዚህ «ወጌሻ ጋ አትሂዱ» የሚለው ምክር በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሮ ሰሚ አላገኘም። እንደ እኔ ምክሩ ራሱ ዒላማውን ስቷል። ጉዳቱን የሚያመጣው ያሰረው ሰው ማንነት ሳይሆን አስተሳሰሩ ነው።

የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማበጡን አይተውም። ዛሬ ልክ ሆኖ የታሰረው የወጌሻው ቀርከሃ ነገ ማነቂያ ይሆናል። ደም መመለሻ ያጣል፣ ጡንቻው ይታፈናል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጋንግሪን ነው፤ ሐኪሙ የሚይዘውም መጋዝ ነው። ምልክቱ ግን ቀድሞ ይጮኻል፦ መድኃኒት የማያስታግሠው ሕመም፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲዘረጋቸው የሚብስ ሥቃይ፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ። ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ቀይነቱ በሁለት ሰከንድ ገደማ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ፣ ወይም ሕመሙ ካየለ፣ እስራቱ በዚያው ሰዓት ይፈታል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። «ሕመሙ የአጥንቱ መግጠም ነው፣ ቻለው» የሚለው ማጽናኛ ስንት ክንድ አስቆርጧል!

ነውሩን ለወጌሻ ብቻ ማሸከም ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ጣቶች ተጨማደው የሚቀሩበትን ሕመም ሲገልጽ ጥፋቱን የጣለው በአውሮፓ ሐኪሞች ጠባብ እስራት ላይ ነበር። ዛሬ ሆስፒታል የምናየው ጄሶም፣ የኔዘርላንዱ ወታደር ሐኪም አንቶኒዩስ ማታይሰን እ.ኤ.አ. በ1852 ያስተዋወቀው፣ ባበጠ እጅ ላይ ዙሪያውን ከተጠቀለለ ከቀርከሃ አይሻልም። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ በአንድ ጎን ብቻ በሚያርፍ መደገፊያ ተይዞ በላላ ፋሻ የሚጠቀለለው፣ ከልብ ከፍ ብሎም የሚንጠለጠለው።

ሁለተኛው ስሕተት ጸጥ ያለ በመሆኑ ማንም አይከሰስበትም። ክንድና ቅልጥም ቀጥ ብለው ቢታሰሩ ያምርባቸዋል፤ እጅ ግን እንዲህ አይደለም። ጣቶች ከመዳፉ ጋር ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ተዘርግተው ለሳምንታት ከቆዩ፣ በጡጫችን አናት ያሉት መገጣጠሚያዎች ጅማታቸው አጥሮ ይደርቃል። አጥንቱ ድኖ እጁ አይጨብጥም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የእጅ ሐኪሞች የተስማሙበት አቀማመጥ ይህ ነው፦ የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ትንሽ ቀና፣ የጡጫው መገጣጠሚያ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ጎንበስ፣ የጣቶቹ መሐል መገጣጠሚያዎች ቀጥ። ያልተጎዳው ጣት ደግሞ ነጻ ሆኖ ይንቀሳቀስ።

የእጅ ጥበቃ ለዚህ አካባቢ እንግዳ እውቀት አይደለም። ከሐረር ብዙ በማይርቀው ቢሲዲሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች ድጋፍ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዋና ፈተናው ሕመም የማይሰማው እጅ ነበር። አዲስ አበባም የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት ከዓላማዎቹ አንዱ የታጠፉ ጣቶችን መመለስ ነበር። ይህ ጥበብ ለምን ወደ ፋብሪካውና ወደ ካምፑ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን አልወጣም? መልሱ አይገባኝም።

መዳፉን ዘርግቶ ወደ ወደቀው ምልምል ልመለስ። በአውራ ጣቱ ሥር፣ ጣት ሲዘረጋ በሚሠራው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲነኩት ካመመው፣ ራጁ «ንጹሕ ነው» ቢባልም አይለቀቅ። ከዚያ ጎድጓዳ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ስንጥቋን በመጀመሪያው ቀን ትደብቃለች። እጁ ተደግፎ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ እንደገና ይታያል። ችላ የተባለች እንደሆነ ደም የሚደርሳት በአንድ ወገን በመሆኑ ግማሿ ሊሞት ይችላል፤ ሰውየውም ከዓመታት በኋላ ባልዲ ማንሣት ያቅተዋል። ኳስ ጫፉን መትቶት የደነነ ጣትም እንዲሁ «ይመለሳል» ይባላል። እሱ የሚመለሰው ጫፉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አንዴም ሳይታጠፍ ሲቆይ ነው፤ ለመታጠብ ተፈትቶ ከታጠፈ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ለቁስል ደግሞ የቡና ዱቄት ሳይሆን ብዙ ንጹሕ ውኃ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት። ቀለበት ወዲያው ይውለቅ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚወልቀው በመቁረጫ ነው። በሰው ጥርስ ላይ ያረፈ ጡጫ ቁስሉ ጤፍ ቢያክል እንኳ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው የአፍ ጀርም ነውና።

የወጌሻው ነገር መፍትሔ ያጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት፣ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በእስራት ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች በግልጽ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ትምህርቱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ አላላ፣ ከፍ አድርገህ አንጠልጥል፣ ጥፍሩን ተጭነህ እይ፣ ከተጠራጠርክ ላክ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገጠር መሰማራት ከጀመሩ 20 ዓመት አልፏል። ወጌሻው ግን አሁንም ከስብሰባው ውጪ ነው፤ ሕመምተኛው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የሱን ደጅ ነው።