ከ1986 ወዲህ ያልተሻሻለው የመዶሻ ውርወራ ክብረ ወሰን

በወንዶች መዶሻ ውርወራ እ.ኤ.አ. በ1986 የተመዘገበው የ86 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን አራት አስርት ዓመታት ገደማ ቢያስቆጥርም እስካሁን ሊሻሻል አልቻለም። በረጅም ርቀት ሩጫ ክብረ ወሰኖች በየጊዜው ሲሻሻሉ ለለመደው የአገራችን ስፖርት አፍቃሪ ይህ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት የስፖርቱን ባሕርይና የዚያን ዓመት የውድድር ወቅት መመልከት ያስፈልጋል።

ለውድድር የሚያገለግለው መዶሻ የብረት ኳስ፣ ሽቦና እጀታ ተያይዘው የሚሠራ ሲሆን፤ የወንዶቹ ጠቅላላ ክብደት 7 ነጥብ 26 ኪሎ ግራም ነው። ወርዋሪው የጎን ስፋቱ 2 ነጥብ 135 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከተሽከረከረ በኋላ መዶሻውን ይለቀዋል።

ርቀቱን በዋነኛነት የሚወስነው መዶሻው ከእጅ ሲለቀቅ ያለው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ርቀቱ በ20 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከ80 ሜትር በላይ የሚጓዝ መዶሻ ከእጅ የሚወጣው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ሲሆን፤ በዚያች ቅጽበት ወርዋሪውን ከ300 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር በሚመጣጠን ኃይል ወደ ውጭ ይስበዋል። በመሆኑም በዚህ ስፖርት ጉልበት ብቻውን ውጤት አያስገኝም። እየተሽከረከሩ ሚዛን መጠበቅን ይጠይቃል፤ ይህም የብዙ ዓመታት ልምምድ ፍሬ ነው።

በ1986 የውድድር ወቅት ይህንን ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያደረሱት ሁለቱ የሶቪየት ኅብረት አትሌቶች ዩሪ ሴዲክና ሰርጌይ ሊትቪኖቭ ነበሩ። ሴዲክ ሰኔ 22 ቀን በታሊን 86 ሜትር ከ66 በመወርወር የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ሊትቪኖቭ በበኩሉ ሐምሌ 3 ቀን በድሬስደን 86 ሜትር ከ04 አስመዘገበ።

ሁለቱ አትሌቶች ነሐሴ 30 ቀን በሽቱትጋርት በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ተገናኙ። ሊትቪኖቭ በመጀመሪያ ሙከራው 85 ሜትር ከ74 ወርውሮ ውድድሩን መምራት ጀመረ። ሴዲክ ግን በአራተኛው ሙከራ 86 ሜትር ከ74 በመወርወር አዲስ ክብረ ወሰን ያስመዘገበ ሲሆን፤ በቀሩት ሁለት ሙከራዎችም 86 ሜትር ከ68 እና 86 ሜትር ከ62 አስመዝግቧል። ሴዲክ ሦስት ጊዜ፣ ሊትቪኖቭ ደግሞ አራት ጊዜ እየተሽከረከሩ ይወረውሩ እንደነበር ይታወቃል።

በሌላ በኩል በዚያን ዘመን የአበረታች መድኃኒት ቁጥጥር እንደዛሬው ጠንካራ ባለመሆኑ የ1980ዎቹን ክብረ ወሰኖች በጥርጣሬ የሚመለከቱ ወገኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ2005 በፊት የተመዘገቡ ክብረ ወሰኖች እንደ አዲስ እንዲታዩ በአውሮፓ ሐሳብ ቀርቦ የነበረ ቢሆንም ተግባራዊ አልሆነም። ሴዲክ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለይም ክብረ ወሰኑ በመዝገብ ላይ ጸንቶ ቆይቷል።

ወደዚህ ርቀት እየተጠጋ ያለው ወጣቱ ካናዳዊ ኢታን ካትዝበርግ ነው። አትሌቱ በሚያዝያ 2024 በጎረቤት ኬንያ ርዕሰ ከተማ ናይሮቢ 84 ሜትር ከ38 የወረወረ ሲሆን፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ በ84 ሜትር ከ12 የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ሁለተኛ የወጣውን ተወዳዳሪ የበለጠው ከ4 ሜትር በሚልቅ ርቀት ነበር። በ2025 በቶኪዮ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮናም 84 ሜትር ከ70 በመወርወር የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን አሻሽሏል።

የካትዝበርግ ስኬት ከ1986ቱ ወቅት ጋር የሚያገናኘው ሐረግ አለው። የ1972 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የነበሩትና ሴዲክን ያሰለጠኑት አናቶሊ ቦንዳርቹክ ኋላ ላይ ወደ ካናዳ ተሻግረው አሎሎ ወርዋሪውን ዲለን አርምስትሮንግን አሰልጥነዋል። ዛሬ የካትዝበርግ አሰልጣኝ እኚሁ አርምስትሮንግ ናቸው።

በቶኪዮው ውጤትና በክብረ ወሰኑ መካከል ያለው ልዩነት 2 ሜትር ከ04 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህም በመልቀቂያው ቅጽበት ፍጥነትን ከአንድ በመቶ ጥቂት በሚበልጥ መጠን ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ አነስተኛ ቢመስልም ከ1986 ወዲህ ሊሞላው የቻለ አንድም ወርዋሪ አልተገኘም።