ከቃሪያ እስከ ዛላ በርበሬ



በዛሬው ዝግጅታችን ከማዕዳችን ስለማይጠፉት ቃሪያና በርበሬ እንነጋገራለን።

ሁለቱም የአንድ ተክል ፍሬ ናቸው። በአረንጓዴነቱ ሲለቀም ቃሪያ፣ ቀልቶ ሲደርቅ ደግሞ ዛላ በርበሬ ይባላል። ወፍራሙ የፈረንጅ ቃሪያም ከዚሁ ዘር ነው፤ ሆኖም ካፕሳይሲን የተባለውን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ስለማያመርት ምላስን አይፈጅም። ተክሉ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው ከ1492 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ነው።

በሰሜን ወሎ የሚገኘው የቆቦ ሜዳ በማሽላውና በጤፉ ይታወቃል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውሃን ለመስኖ ካዋለ ወዲህ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያም በስፋት ተተክለዋል። ቃሪያ ሙቀት ይወዳል። ነገር ግን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ አበባው ይረግፋል፤ ውሃ ሲተኛበትም ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ወቅቱንም የውሃውንም መጠን መምረጥ ያሻል።

ለጤና ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው። 100 ግራም ጥሬ የፈረንጅ ቃሪያ 80 ሚሊግራም ያህል ቪታሚን ሲ ሲኖረው፣ ብርቱካን ግን 53 ገደማ ነው ያለው። ይህ ቪታሚን ከጤፍና ከምስር የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በሚገባ እንዲወስድ ይረዳል። እሳትና መድረቅ ስለሚቀንሱት፣ እናቶች ቃሪያውን በስንግ ወይም በሰላጣ መልክ በጥሬው ቢያቀርቡት ይመረጣል።

ወደ በርበሬው ስንመለስ፣ የራያ ቆላ ፀሐይ ለማድረቅ ትልቅ ኒዕማ ናት። ይሁንና በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ወይም ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ የገባ በርበሬ ይሻግታል። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ወጡ ቢቁላላ እንኳ ጨርሶ አይጠፋም። ስለዚህ በርበሬውን በንጹሕ ሸራ ላይ ማስጣት፣ ማታ ከጤዛ መሸፈን፣ የሻገተውን ዛላ ሳይሳሱ ለይቶ መጣል ያስፈልጋል። በደንብ የደረቀ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኳኳል፤ ሲጫኑትም ይሰበራል።

ውድ አድማጮች! ሚዛን እንዲያነሳ ብለው በደረቅ በርበሬ ላይ ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎች አሉ። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንዳገኘው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ያ ሰው ዝናብ ያራሰውን ነበር የደበቀው፤ ሆን ብሎ ያረጠበውማ እንዴት ይሆን? ገንዘብ መውሰዱ ሳያንስ የወንድሙን ቤተሰብ ጤና ይነካል።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልና ጤናማ ያድርግልን።