ቤተ መንግሥቱ እንዴት ግቢ ሆነ?

ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ቤት ፊት፣ ወጥተው የትም የማይደርሱበት ደረጃ አለ። አናቱ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ደረጃውን ያቆመው ፋሺስት ኢጣሊያ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ነጻነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም፤ አንበሳው ወጣበት እንጂ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተሩን ይዞ በአጠገቡ ያልፋል።

ቤቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው። የታኅሣሥ ግርግር በተባለው በ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት የተረሸኑትም እዚሁ ነው። በዓመቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡ፤ በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲም ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመረቀ።

ትምህርቱ ግን ቤቱን ይቀድመዋል። ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ የመሩት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ 33 ያህል ነበሩ። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ይህን ኮሌጅ፣ የዓለማያን እርሻና የጎንደርን ጤና ጨምሮ ተበታትነው የነበሩትን ኮሌጆች በአንድ አስተዳደር ሥር ሰበሰበ። ቆይቶም ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ደንብ ወጣ፤ አብዛኛው ጠመኔ ጨብጦ አስተማረ።

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ዙፋኑን የነቀነቀው ትውልድ ያደገው ንጉሡ በሰጡት ቤት ውስጥ ነው። አብዮቱ በመጣ ማግስት፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲው የዛሬ ስሙን ያዘ።

አሁን ግቢው አንድ አይደለም። ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ምህንድስናው አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምናው ቢሾፍቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን ተወሰነ።

ገነተ ልዑል ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት እንደነበረ አለ፤ መስታወቱ ላይ ከታኅሣሥ ግርግር የቀረ ነው የሚባል የጥይት ቀዳዳ ይታያል። ይህን ለማየት ማትሪክ ማለፍ አያስፈልግም፤ ቲኬት ቆርጠው ይግቡ።