የላም እንቁላልና የደጋ አየር

ቃሊቲ ላይ ብሔራዊው የሰው ሰራሽ ማዳቀያ ማዕከል በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) ከተከፈተ ወዲህ፣ የከብት ዝርያ ማሻሻል ሥራችን በኮርማው በኩል ሄዷል። አዳቃዩ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ አባለዘር ተሸክሞ የሰሜን ሸዋን ዳገት ይወጣል። የላሟ ወገን ግን እምብዛም አልተነካም። አንዲት ላም ቢበዛ በዓመት አንድ ጥጃ ትሰጣለች፤ በእንቁላል ዕጢዋ ግን ያልበሰሉ እንቁላሎች በሺህ ይቆጠራሉ።

እነዚህ ከአካል ውጭ ሊበስሉ እንደሚችሉ ግሪጎሪ ፒንከስ በጥንቸል፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ኤድዋርድስ በላምና በሌሎች እንስሳት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ በብልቃጥ የተዳቀለ ጥጃ ተወለደ። አሠራሩ ዛሬ የታወቀ ነው፦ ቄራ ከታረደች ላም የወጣው የእንቁላል ዕጢ ሞቅ ባለ ጨዋማ ውሃ ላቦራቶሪ ይደርሳል፤ ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ከሚሆኑት የፈሳሽ ከረጢቶች እንቁላሉ በመርፌ ይመጠጣል። ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያሉ ሴሎች የከበቡት ይመረጣል፣ የተራቆተው ይጣላል፤ የእንቁላሉ መጋቢዎች ሴሎቹ ናቸውና። ከዚያ ሴረም፣ ሆርሞንና አንቲባዮቲክ በታከለበት ቲሲኤም 199 በተባለ ፈሳሽ ውስጥ፣ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ኢንኩቤተር ውስጥ 24 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሙቀቱ 41 ከደረሰ ይጎዳል። ጥሩ ላቦራቶሪ ውስጥ እንኳ ከመቶ እንቁላል ተዳቅለውና ሳምንት ቆይተው ማሕፀን ለመግባት የሚበቁት ከ30 እስከ 40 ቢሆኑ ነው።

ስለ ኢንኩቤተሩ አየር አብዛኞቹ መመሪያዎች «5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ይላሉ። ይህ የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ጋዙ የሚገባው የፈሳሹን የአሲድነት ልክ (ፒኤች) ከ7.2 እስከ 7.4 ለመያዝ ሲሆን፣ ፒኤቹን የሚወስነው የጋዙ ግፊት እንጂ መቶኛው አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መንዝ ውስጥ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ሰበብ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 5 በመቶው ጋዝ የ3.5 በመቶ ያህል ብቻ ይሠራል፣ ፒኤቹም በ0.15 ገደማ ከፍ ይላል። ሒሳቡ ሲሠራ ኢንኩቤተሩን ወደ 7 በመቶ ማድረስ ያስፈልጋል፤ ከፍ ባለችው መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከዚያም ትንሽ ይጨምራል፣ ወደ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ሲወረድ ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ ላቦራቶሪ ለሚሠራ ሰው ከውድ ሆርሞን በፊት ፒኤች መለኪያ መግዛት ይበጀዋል እላለሁ። ስስ አየር አንድ ውለታም አለው፦ የጽንስ ማሳደጊያዎች ኦክስጅንን ለመቀነስ ናይትሮጅን ይገዛሉ፤ ደጋው ከወዲሁ ጥቂት ቀንሶ ይጠብቃቸዋል።

የባሰው ችግር ከቄራው ይመጣል። ለእርድ የሚቀርበው አብዛኛው በሬ ነው፤ ላም ከመጣችም አርጅታ ወይም መክና ሊሆን ይችላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ቄራው ለ55 ቀን ጭር ይላል። ሌላው መንገድ በአልትራሳውንድ እያዩ በሕይወት ካለች ላም እንቁላል መምጠጥ ነው። መሣሪያውም ሙያውም ይከብዳል፤ ነገር ግን ጾም አያግደውም፣ እናቲቱም ምን ያህል ወተት እንደሰጠች፣ ከማን እንደተወለደች ትታወቃለች።